በመስተዋት ገንዳ ያለ ውሃ ስለ ምን አረንጓዴ ይሆናል?

ቀጨኔ በሸክላ ሥራ የታወቀች ሰፈር ናት። ከእንጦጦ ግርጌ ባሉት መንደሮችዋ እናቶች ጭቃውን አቡክተው፥ ቅርጽ ሰጥተውና በእሳት ተኩሰው ለገበያ የሚያወጡት እንስራ የብዙ የአዲስ አበባ ቤቶችን የመጠጥ ውሃ ሲይዝ ኖሯል። በእንስራ ያደረ ውሃ ይቀዘቅዛል እንጂ አረንጓዴ አይሆንም። ያንኑ ውሃ በመስተዋት ገንዳ አድርገን፥ ዓሣ ጨምረንበት፥ በመስኮት አጠገብ ብናኖረው ግን ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ መስተዋቱ አረንጓዴ ልባስ ይለብሳል፤ ውሃውም ጎመን የተቀቀለበት ይመስላል። አኳሪየም የሚባለውን የዓሣ ገንዳ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ይህን መከራ ያውቁታል፤ ተስፋ ቈርጠው ገንዳውን ወደ ዕቃ ቤት የሚጥሉትም ጥቂቶች አይደሉም።

ይህ አረንጓዴ ነገር በሳይንስ መጻሕፍታችን ዋቅላሚ ይባላል። ሥርና ቅጠል የለውም፤ አብዛኛው ዘሩ ለብቻው ሲሆን በዓይን አይታይም፤ ሆኖም እንደ ዕፅዋት በብርሃን ኃይል ምግቡን ራሱ ያዘጋጃል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1770ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ውሃ በያዙት የመስተዋት ዕቃዎቹ ላይ አረንጓዴ ነገር ሲበቅል አየ፤ ፀሐይ ሲያገኘውም ዛሬ ኦክሲጅን የምንለውን አየር እንደሚያወጣ ተገነዘበ። የሆላንዱ ሐኪም ያን ኢንገንሀውስም በ1779 ዕፅዋት ይህን አየር የሚሰጡት በብርሃን ብቻ መሆኑን አስረዳ። እንግዲህ በጠላትነት የምንፈርጀው ልባስ ለዓሣው መተንፈሻ የሚሆነውን አየር ከሚያበጁት አንዱ ነው።

ዋቅላሚን በገንዳ ውስጥ የመቈጣጠር ታሪክ የሚጀምረው በለንደን ከነበረው ከኬሚስትሪው ሊቅ ከሮበርት ዋሪንግተን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ይህ ሰው ሃምሳ ሊትር ያህል በሚይዝ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ የምንጭ ውሃ እስከ እኩሌታው ጨምሮ፥ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያ የሚባለውን የውሃ ሣር በአንድነት አኖረ። ሐሳቡ ሣሩ ለዓሦቹ አየር እንዲሰጥ፥ ዓሦቹም ለሣሩ ምግብ እንዲያፈሩ ነበር። ይህም ተሳካለት፤ ነገር ግን የሣሩ አሮጌ ቅጠሎች መበስበስ ሲጀምሩ ውሃው ደፈረሰ፥ መስተዋቱንም አረንጓዴ ልጋግ ሸፈነው። ያገኘው መላ ቀንድ አውጣ ነበር። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን ቅጠልና ልጋጉን በሉለት፤ የሚጥሉትም ዕንቁላል ለዓሦቹ ምግብ ሆነ። ይህንኑ በ1850 ለኬሚስትሪ ማኅበር አስታወቀ። በ1853 በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ስፍራ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ1854ም ፊሊፕ ጎስ አኳሪየም የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ አሳትሞ ነገሩ በየሳሎኑ ተዛመተ።

የዋሪንግተን ሚዛን የቆመው ግን በቀንድ አውጣው ብቻ እንዳልነበረ ልብ ማለት ይገባል። በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ የነበሩት ዓሦች ሁለት ብቻ ነበሩ! የዛሬው ባለ ገንዳ ግን ዐሥራ አምስት ይጨምርና በቀን ሦስት ጊዜ ያበላል፤ ከዚያ በኋላ ቀንድ አውጣው አልሠራልኝም ብሎ ያማርራል።

ይህን መላ ወደ አገራችን ስናመጣው ሌላም ጥንቃቄ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ከዚያም ተነሥቶ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚያጠፋ መረመረ፤ በ1989ም ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በዚሁ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። ስለዚህ ለለንደኑ ሰው አገልጋይ የነበረው ፍጥረት በእኛ ዘንድ የበሽታ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። ከወንዝና ከሐይቅ ዳር ቀንድ አውጣ ለቅሞ ገንዳ ውስጥ መጨመር፥ ከዚያም እጅን እየነከሩ ማጽዳት አይገባም። እንዶድም ለገንዳ አይሆንም፤ ዓሣን ይገድላልና።

ከቀንድ አውጣ በኋላ መርዝ መጣ። በ1904 የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ሙርና ኬለርማን የመዳብ ሰልፌት በውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ዋቅላሚን እንደሚገድል አስታወቁ። እውነትም ይገድላል። የሞተው ዋቅላሚ ግን በስብሶ የያዘውን ምግብ ለውሃው ይመልሳል፤ ቀጣዩም ትውልድ በዚያው ይበቅላል። መዳቡ በመጠን ካልሆነ ደግሞ ዓሣውን ይጎዳል።

ነገሩን ከሥሩ የገለጸው ዴቪድ ሺንድለር በካናዳ ያደረገው ሙከራ ነው። በ1973 ቊጥር 226 የተባለውን ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው በሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፤ በአንደኛው ብቻ ፎስፈረስ አከሉ። ፎስፈረስ ያገኘው ወገን አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው እንደ ነበረ ቀረ።

በቤታችን ገንዳ ፎስፈረሱ የሚገባው ከዓሣው ምግብ ጋር ነው። ዓሦቹ በሁለትና በሦስት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መስጠት፥ በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ቀድቶ በባልዲ ያደረና ክሎሪኑ የበረደለት የቧንቧ ውሃ መተካት፥ ቶሎ የሚያድግ የውሃ ሣር መትከል፥ ገንዳውን ከመስኮት ማራቅ፥ መብራቱንም በቀን ከስምንት ሰዓት አለማሳለፍ ያስፈልጋል። ውሃው ፈጽሞ አረንጓዴ ከሆነ ገንዳውን ሦስት ወይም አራት ቀን በወፍራም ጨርቅ መሸፈን ይረዳል፤ ይህም መስተዋቱን ለጊዜው እንስራ ማድረግ ነው። ጨርቁ ሲነሣ የሞተው እንዳይበሰብስ ውሃውን ወዲያው መለወጥ ግድ ነው።

አረንጓዴ ሁሉ ክፉ እንዳልሆነም እንጨምር፤ በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ስፒሩሊና ከሚባለው ዘር ነው፤ ፍላሚንጎዎችም ይመገቡታል።

የቀጨኔ ወንዝ ግን ሌላ ነው። ከእንጦጦ ሥር ወርዶ በከተማው መካከል ሲያልፍ የቤቱን እጣቢ፥ የሳሙናውንና የመጸዳጃውን ፍሳሽ ይሰበስባል፤ ይህም ለዋቅላሚ ከዓሣ ምግብ የማይተናነስ ድግስ ነው። ከሌሎች ወንዞች ጋር ወደ አቃቂ ይገባል፤ በአባ ሳሙኤል ግድብ አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል፤ ከዚያም በ1960 ሥራው በተፈጸመው በቆቃ ግድብ ይቆማል። በዚያ ሰፊ ገንዳ፥ በሙሉ ፀሐይ፥ ተመራማሪዎች ማይክሮሲስቲስ የተባለውን ሰማያዊ አረንጓዴ ዘር አግኝተዋል። ይህ ዘር የሚያመነጨው መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ነው፤ ውሃውን በማፍላትም አይጠፋም።