ክቡን ያበላሸው ቀለም

ሱፐርማርኬት ውስጥ ስካነሩ «ጢጥ» አልል ሲል ካሸሯ ዕቃውን ታገላብጣለች፣ በእጇ ጠረግ ታደርገዋለች፤ ሲያቅታት ቁጥሩን አንድ በአንድ ትጽፋለች። ወረፋ የያዘው ሰው ማሽኑን ይራገማል። እኔ ግን ማሽኑን ከመውቀሴ በፊት ኅትመቱን ነው የማየው። ባርኮድ የዛሬ መልኩን ያገኘውም በቀለም ጣጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 ፊላደልፊያ፣ ድሬክስል ውስጥ በርናርድ ሲልቨር የሚባል ተማሪ አንድ የምግብ መደብሮች ኃላፊ ዲኑን ሲለምን ሰማ፦ የሚሸጠው ዕቃ መረጃ ሒሳብ መክፈያው ጋ በራሱ እንዲነበብ መላ ይፈለግለት ነበር። ሲልቨር ለጓደኛው ለጆሴፍ ዉድላንድ ነገረው። ዉድላንድ ሚያሚ ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ የሞርስ ነጥብና ሰረዝ እያሰበ ጣቶቹን አሸዋው ላይ ጎተታቸው፤ ቀጭንና ወፍራም መስመሮች ወጡ። ከዚያ መስመሮቹን አጠፋቸውና ክብ አደረጋቸው፤ ክብ ከየትም አቅጣጫ ይነበባላ! ፓተንቱ በ1952 ጸደቀ። የተሸጠው ግን በ15,000 ዶላር ብቻ ነው። ያሳዝናል።

በ1972 አርሲኤ ክቡን ሲንሲናቲ በሚገኝ የክሮገር መደብር ሞከረው። ችግሩ ማተሚያው ነበር። ወረቀቱ ሲሮጥ ቀለሙም በዚያው አቅጣጫ ትንሽ ይጎተታል። ክብ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር መስመር ስላለው አንዱ ጎኑ መቀባባቱ አይቀርም፤ ክፍተቱ ይደፈናል፣ ስካነሩም ግራ ይጋባል።

የአይቢኤሙ ጆርጅ ሎረር የዉድላንድን ክብ እንዲደግፍ ቢጠየቅም አልተስማማም (ዉድላንድ ራሱ ያኔ የአይቢኤም ሠራተኛ መሆኑን ልብ በሉ)። ሎረር ቀጥ ያሉ መስመሮችን መረጠ። ወረቀቱ በሚሮጥበት አቅጣጫ ከታተሙ ቀለሙ ቢጎተትም መስመሩ ይረዝማል እንጂ አይወፍርም። ስካነሩ የሚለካው ደግሞ ውፍረቱን ነው። ማተሚያውን ከመጠገን ይልቅ ጥፋቱ የማይጎዳው ምልክት መፍጠር! ለእኔ ከሌዘሩ በላይ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። በሰኔ 26 ቀን 1974 ትሮይ፣ ኦሃዮ ውስጥ አንድ ጁሲ ፍሩት ማስቲካ በ67 ሳንቲም ተነበበ።

ዛሬም የማይነበብ ባርኮድ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ቀለሙን ነው፦ የስካነሩ ብርሃን ቀይ ከሆነ፣ ነጭ ላይ የታተመ ቀይ መስመር ለእሱ የለም ማለት ነው። ቀጥሎ ግራና ቀኙ ያለው ባዶ ነጭ ቦታ፤ ዲዛይነሮች ጽሑፍ ማስገባት የሚወዱት እዚያ ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው መስመሮቹ ዳር ዳራቸው ከተቀባ፣ ወረቀቱ የሚሮጠው በመስመሮቹ ላይ ተሻግሮ መሆኑን አያለሁ፤ ከሆነ ባርኮዱን 90 ዲግሪ አዙሮ እንደገና ማተም ነው።