የገዳሪፍ ክርክር፦ ጎበዝ ተጫዋች ማን ነው?

ከመተማ ወደ ገላባት፥ ከዚያም ወደ ገዳሪፍ የሚያዘልቀው መንገድ ሰሊጥና ማሽላ ብቻ አላመላለሰም፤ ዘፈንም አመላልሷል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስደተኛውና የቀን ሠራተኛው የጥላሁን ገሠሠን ካሴት ይዞ ወረደ፤ የመሐመድ ዋርዲም ድምፅ ወደ እኛ ወጣ። ዋርዲ በ1994 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ መጥቶ ዘፍኗል። ሁለቱም ወገኖች በአብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ስለሚጠቀሙ ጆሮ ብዙ አልተቸገረም።

ክርክሩ የሚነሣው በአጃቢዎቹ ላይ ነው። የሱዳንን ሙዚቃ ለምዶ ያደገ ሰው ቫዮሊኖቹ ዜማውን በአንድነት ሲከተሉ፥ አኮርድዮኑም ሲመልስ «ችሎታ ማለት ይህ ነው» ይላል። የእኛው ሰው ደግሞ የሮሃ ባንዶቹን ጊታሪስት ሰላም ሥዩምንና ባሲስቱን ጆቫኒ ሪኮን ይጠራል። የሱዳኑ ወገን ክርክር ከምንገምተው በላይ ጠንካራ ይመስለናል፤ ብዙ ቫዮሊን እንደ አንድ ሰው ማስጮህ ቀላል አይደለምና። ይሁን እንጂ መሐሙድ አሕመድ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያስቀረጸውን «ኧረ መላ መላ»ን ያዳመጠ፥ ከሥር እየተመላለሰ ዘፈኑን የተሸከመው ባስ መሆኑን ይረዳል። በጣት ፍጥነት ብቻ የሚለካ ተከራካሪ ይህን አይሰማም።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። በካሴቱ ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶግራፍ ጎልቶ ሲታይ የተጫዋቾቹ ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ስለዚህ ተከራካሪው «ያ ሳክስፎን የነፋው» ይልና ስም ያጣል።