ጀማሪ ነርስና ክሊኒካዊ ዳኝነት፦ የቤነር መሰላል እንደገና ሲታይ

ስለ ነርሲንግ ትምህርት የሚጽፍ ሰው ፓትሪሺያ ቤነርን ሳይጠቅስ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ነርሶችን በአምስት ደረጃ ከፍለዋል፤ ጀማሪው ደንብ እየተከተለ ይሠራል፣ ሊቁ ግን የታካሚውን ሁኔታ በአንድ እይታ ይረዳል። ክሪስቲን ታነር በ2006 ያቀረቡት የክሊኒካዊ ዳኝነት ሞዴል ልብ ከማለት ተነሥቶ መተርጎምን፣ ምላሽ መስጠትንና መለስ ብሎ ማሰብን ያስከትላል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከቤነር መሰላል ጋር ነው።

መሰላሉ የተወሰደው የክህሎት እድገትን ካጠኑት ከድሬይፈስ ወንድማማቾች ነው። እነርሱ ያጠኑት የቼዝ ተጫዋቾችንና አብራሪዎችን እንጂ የታመመ ሰው የሚያስታምሙትን አልነበረም። ቤነር ራሳቸው ካነጋገሯቸውና ከተከታተሏቸው መካከል ደግሞ ከ21 የጀማሪና የአሠልጣኝ ጥንዶች ሌላ 51 ልምድ ያላቸው ነርሶች፣ 11 አዲስ ተመራቂዎችና 5 ተማሪዎች ይገኛሉ። አምስት ተማሪዎች ብቻ! እነርሱም ለመመረቅ የተቃረቡ ነበሩ። በዚህ ማስረጃ ላይ ቆሞ የፕራክቲካል ነርስ ተማሪን «አንተ ደንቡን ተከተል፣ ማመዛዘኑ ከዓመታት በኋላ ይመጣል» ማለት ከመረጃው አቅም በላይ መሄድ ነው። የቤነር ሥራ ለሙያው ያስገኘውን ክብር መካድ አልፈልግም፤ ይሁንና መሰላሉ የትዕግሥት ማስተማሪያ ሆኖ ታካሚን ለአደጋ ሲያጋልጥ ዝም ማለት አይገባም።

ጀማሪም ማስተዋል እንደሚችል ለማሳየት የሚረዳው፣ ግን የተዘነጋው ምንጭ የፍሎረንስ ናይቲንጌል የ1859 መጽሐፍ ነው፤ በተለይም ሕሙማንን ስለ መከታተል የሚናገረው ምዕራፍ። ናይቲንጌል «ደኅና አደረ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አጥብቀው ይነቅፋሉ። አምስት ቀንና ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ቆይቶ ለሞተ ሕመምተኛና እንደ ወትሮው ሌሊቱን ሙሉ ሳይነቃ ላልተኛ ሌላ ሰው የተሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ስንት ሰዓት ተኛ፣ መቼ መቼ ተኛ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ለመጠየቅ የሊቅነት ደረጃ አያሻም።

የትንፋሽ ብዛትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ችላ የተባለ ምልክት ብሎታል። በብሪታንያው የሮያል ሐኪሞች ኮሌጅ የ2017 የማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ፣ በደቂቃ ከ21 እስከ 24 ትንፋሽ 2 ነጥብ ያሰጣል፤ 25 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን 3 ይሆናል፣ ያ ብቻውንም ታካሚው በአስቸኳይ እንዲታይ ያስገድዳል። አሁን ተማሪዋ ለ15 ሴኮንድ ቆጥራ በ4 ታባዛለች እንበል። ስድስት ብትቆጥር 24 ትጽፋለች፣ ሰባት ብትቆጥር 28። 25 እና 26 በእርሷ ቻርት ላይ ከቶ አይታዩም። የታካሚው ትንፋሽ 25 ሆኖ 24 ተብሎ ቢጻፍ አስቸኳዩ ጥሪ ይቀራል፤ ሙሉ ደቂቃ፣ ታካሚው ሳያውቅ፣ የደረቱን ከፍ ዝቅ እያየች ብትቆጥር ኖሮ ተረኛዋ ነርስ በጊዜው ትጠራ ነበር።

በአሜሪካ ሕግ ሙሉ ምዘናው የሬጅስተርድ ነርስ ድርሻ ነው የሚል መቃወሚያ ይነሣል። ሕጉ የሥራ ድርሻን ይለያል እንጂ ፕራክቲካል ነርሷን ከማስተዋል አያሰናብታትም። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ ያሉ ወገኖቻችንም የሚቀመጡለት የፕራክቲካል ነርስ ፈቃድ ፈተና ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ክሊኒካዊ ዳኝነትን በቀጥታ ይመዝናል፤ የመጀመሪያው እርከኑም ምልክትን መለየት ነው። ፈተናው የሚሰጠው ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው።

እንግዲህ አስተማሪ ከተማሪው ጋር በአንድ አልጋ አጠገብ ይቁም፤ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ይቁጠሩ፣ ቁጥራቸውን ጽፈው ያስተያዩ። ከዚያ ተማሪው የዛሬውን ከትናንቱ ጋር አነጻጽሮ፣ ሰዓቱን ጠቅሶ ለተረኛዋ ነርስ ራሱ ሪፖርት ያድርግ፤ ይህም በመጀመሪያው የክሊኒክ ሳምንት ይጀመር።