በኬሚካል የተለወጡ የእፅዋት ፖሊሳካራይዶች

ፖሊሳካራይድ ብዙ ስኳሮች ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሞለኪውል ነው። ስታርች፣ ሴሉሎስ፣ ፔክቲን፣ ጋላክቶማናንና አራቢኖጋላክታን ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። ከሥር፣ ከግንድ ወይም ከፍሬ ተለይቶ ከወጣ በኋላ ሌላ የኬሚካል ቡድን ሲተከልበት፣ ወይም ሰንሰለቱ ሆን ተብሎ ሲያጥር፣ በኬሚካል የተለወጠ ይባላል። ባለፉት አሥርት ዓመታት ተመራማሪዎች በእነዚህ ሞለኪውሎች ላይ የተረባረቡት ብግነትን ያበርዳሉ፣ ሕዋስን የሚጎዱ ነፃ ራዲካሎችንም ያከሽፋሉ በሚል ተስፋ ነው። ከታተመው ጥናት ብዙው የመጣው ከቻይና ቤተ ሙከራዎች ነው። አብዛኛው እስካሁን ከሕዋስና ከአይጥ ሙከራ አላለፈም።

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጥሬ ዕቃው የታደለ ምድር ነው። በሸዋ ቤንች፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ የገበሬው ጓሮ እንሰት፣ ጎደሬና ቦዬ ይዟል፤ ከጥላ ዛፉ ሥር ደግሞ ቡና አለ። ጎደሬ ጥሬውን ሲነካ የሚያሳክከው መርፌ በመሰሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ነው። ሲላጥ የሚያሙለጨልጨው ልጋግ ግን ፕሮቲን የተያያዘበት አራቢኖጋላክታን ነው። የስታርቹ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ በመሆኑም ለጨጓራ የማይከብድ ምግብ ይባላል።

የቡናው ታሪክ ደግሞ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ከአረቢካ ጥሬ ቡና ደረቅ ክብደት ግማሽ ያህሉ ፖሊሳካራይድ ነው፤ በዋናነትም ጋላክቶማናን፣ አራቢኖጋላክታንና ሴሉሎስ። ቡናው ሲቆላ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ይወጣል፤ ሰንሰለቶቹም መበጣጠስ ይጀምራሉ። ከአራቢኖጋላክታን ጎን የተንጠለጠሉት የአራቢኖስ ስኳሮች ቀድመው ይረግፋሉ። ጋላክቶማናን ያጥራል፤ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟም ቡናውን ያወፍረዋል። የተቀረው ከፕሮቲን ስብርባሪና ከክሎሮጄኒክ አሲድ ጋር ተቆላልፎ ሜላኖይዲን የተባለውን ቡናማ ቁስ ይሠራል። ሲኒ ውስጥ ካለው ደረቅ ይዘት ሜላኖይዲን እስከ ሩብ ሊደርስ ይችላል፤ ብረትን አስሮ የመያዝና ነፃ ራዲካልን የማክሸፍ አቅሙም በተደጋጋሚ ተለክቷል። ቡና የሚቆላ ቤት ሁሉ የእፅዋት ፖሊሳካራይድ ይለውጣል ማለት ነው። በቤተ ሙከራ የሚደረገው ለውጥ ከዚህ የሚለየው በምርጫው ነው፤ ኬሚስቱ ምን እንደሚተክልና ምን ያህል እንደሚተክል አስቀድሞ ይወስናል።

በስታርችና በሴሉሎስ ሰንሰለት ውስጥ እያንዳንዱ የግሉኮስ ቀለበት ሦስት ነፃ የሃይድሮክሲል ቡድኖች አሉት። በአማካይ ስንቱ እንደተተካ የሚነግረን ልኬት የመተካት ደረጃ ይባላል፤ ከፍተኛው 3 ነው። አንድ ጥናት ይህን ቁጥር ካልሰጠ ስለ ምን ዓይነት ቁስ እንደሚናገር ማወቅ አይቻልም።

ከለውጦቹ ሁሉ ብዙ የተደከመበት ሰልፌት መትከል ነው። ሰልፌት ለሰንሰለቱ ጠንካራ አሉታዊ ሙል ይሰጠዋል፤ በዚህም ከአሳማ አንጀት የሚወጣውንና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄፓሪን እንዲመስል ያደርገዋል። ብግነት ሲነሳ ነጭ የደም ሕዋሳት ሴሌክቲን በተባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ። ሰልፌት የተሸከመ ሰንሰለት ሴሌክቲኑን ቀድሞ በመያዝ መጣበቁን ሊያውክ ይችላል። ካርቦክሲሜቲል መትከል በበኩሉ የማይሟሟውን ያሟሟል፤ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ዛሬ ከምግብ ማወፈሪያ እስከ ዓይን ማለስለሻ ጠብታ ይገባል። አሴቲል ሰንሰለቱን ያፍታታል፣ ፎስፌት ብረትን ያስራል፣ ሴሊኒየም ደግሞ የፀረ-ኦክሲዳንት ኃይልን ያጠናክራል ተብሎ ይተከላል።

ለውጡ ግን ሁልጊዜ ወደ ፈውስ አይመራም። ካራጂናን ከቀይ የባሕር አረም የሚገኝ፣ ተፈጥሮ ራሷ ሰልፌት የተከለችበት ፖሊሳካራይድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ግን በአይጥ እግር ላይ እብጠት ለመቀስቀስ ያገለግላል፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን ፀረ-ብግነት ኃይል የሚፈትሹትም በአብዛኛው በዚሁ እብጠት ላይ ነው። ከባክቴሪያ የሚገኘው ዴክስትራን ደግሞ ሰልፌት ተተክሎበት ከመጠጥ ውሃ ጋር ሲሰጥ የአይጦችን ትልቁን አንጀት ያቆስላል። ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ የአንጀት ብግነት ለመፍጠር የሚጠቀሙበት ዋና ቁስም እርሱ ነው። ሰልፌት ብግነትን ያበርዳል ብሎ በደፈናው የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሁለቱን ዘንግቷል።

ለመድኃኒትነት የበቁትም ያለ ችግር አልዘለቁም። ከቢች ዛፍ እንጨት በሚወጣ ዛይላን ላይ ሰልፌት ተተክሎ የተሠራው ፔንቶሳን ፖሊሰልፌት በአሜሪካ ሥር ለሰደደ የፊኛ ሕመም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። በ2018 ለረጅም ጊዜ የወሰዱት ሕመምተኞች ሬቲና ላይ ጉዳት መታየቱ ተዘገበ፤ በ2020 ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ታከለ። ከበቆሎ ወይም ከድንች የሚሠራው ሃይድሮክሲኢቲል ስታርች ለዓመታት ደም ለፈሰሰው ሰው በደም ሥር ሲሰጥ ቆይቶ፣ ኩላሊትን በመጉዳቱና ሞትን በማባባሱ አውሮፓ በ2013 አጠቃቀሙን ገደበች፤ በ2022 ደግሞ ፈቃዱን አገደች።

የቤተ ሙከራው ማስረጃም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በጣም የተለመደው የፀረ-ኦክሲዳንት ፈተና ዲፒፒኤች የተባለ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቁስ መደብዘዙን መለካት ነው። ቁሱ የሚሟሟው በአልኮል ሲሆን ፖሊሳካራይድ ደግሞ በአልኮል ውስጥ ይዘቅጣል። በሚገባ ባልተጣራ ናሙና ውስጥ ቀለሙን የሚያደበዝዘው ብዙ ጊዜ ስኳሩ ሳይሆን አብሮት የቀረው ፌኖል ነው፤ ክሎሮጄኒክ አሲድ የተባለው ፌኖል በሞላበት ቡና ላይ ይህ ጥርጣሬ ይበረታል። ሌላው ስውር ጠላት ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚመጣው ሊፖፖሊሳካራይድ ነው። ከጥቂቱ ጋር የተቀላቀለ የዕፅ ዱቄት የመከላከያ ሕዋሳትን ስለሚያነሳሳ፣ ተመራማሪው የዕፁ ሥራ መስሎት ሊዘግበው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው ጥያቄ የተዋጠው ሞለኪውል የት ይደርሳል የሚለው ነው። እነዚህ ግዙፍ ሰንሰለቶች የአንጀትን ግድግዳ አልፈው ወደ ደም የሚገቡት በጣም በጥቂቱ ነው፤ በሽታ አምጪውን ብግነት ከውስጥ ሄደው ያጠፋሉ ማለት አይቻልም። ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ግን ባክቴሪያዎች ያብላሏቸዋል፤ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ አጫጭር አሲዶችም ይወጣሉ። ቡቲሬት የትልቁ አንጀት ሕዋሳት ዋና ምግብ ሲሆን ብግነትንም ያረግባል። የአውስትራሊያ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ድርጅት ሲኤስአይአርኦ ይህን ተረድቶ በበቆሎ ስታርች ላይ ቡቲሪል ተክሏል። ስታርቹ በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ አልፎ ቡቲሬቱን ታች ይለቃል፤ በሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራም ይኸው ታይቷል። በእኔ ግምት ከመስኩ ተስፋዎች ሁሉ ጽኑ መሠረት ያለው ይህኛው ነው።

ስታርች ላይ አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ፅጌ ገብረ ማርያምና ባልደረባቸው የእንሰት ስታርችን ለመድኃኒት ክኒን መሥሪያነት ፈትሸው እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመዋል፤ ክኒኑን በማጣበቅ ከድንች ስታርች በልጦ፣ በማፈራረስ ግን አንሶ ተገኘ። በ1998 የኢትዮጵያ ቦዬ ስታርች ባሕርያት ተጠኑ፤ በ2016 ደግሞ አሴቲል የተተከለበት የቦዬ ስታርች ናኖ ቅንጣት መድኃኒት ተሸካሚ እንዲሆን ተሠራ። የዚህ ሁሉ ዓላማ ክኒን መሥራትና መድኃኒት ማጓጓዝ እንጂ ብግነት ማብረድ አልነበረም። በቦዬ ስታርች ላይ አሴቲል የሚተከልበት ምላሽ ግን በአውስትራሊያው ስታርች ላይ ቡቲሪል ከሚተከልበት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለወጠው በአሴቲክ አንሃይድራይድ ፋንታ የሚገባው ቡቲሪክ አንሃይድራይድ ነው። የጎደሬና የእንሰት ስታርች በዚህ መንገድ መሞከር ይኖርበታል።