ነጩ ሽቦ፦ የተሳቢ መብራት ታሪክ

የተሳቢ የኤሌክትሪክ ሥራ ታሪክ በአብዛኛው የመጋጠሚያ ታሪክ ነው። ጎታቹ መኪና የራሱ ባትሪ፣ ዲናሞና ፊውዝ አለው፤ ተሳቢው ግን በገዛ ራሱ አንዲት አምፖል እንኳ አያበራም። የኋላ መብራቱም፣ ፍሬቻውም፣ የፍሬን መብራቱም የሚሠሩት ከመኪናው በሚመጣ ገመድ ነው። ገመዱ ደግሞ በየጊዜው ይነቀላል፣ ይሰካል፣ በዝናብና በአቧራ መካከል ሲወዛወዝ ይውላል። ከመቶ ዓመት በላይ በዘለቀው በዚህ ታሪክ መሐንዲሶችም ጋራዦችም ደጋግመው የታገሉት ከአንድ ችግር ጋር ነው፤ ወደ ኋላ የሄደውን ኤሌክትሪክ በደህና መመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1914 የዲትሮይቱ አንጥረኛና ጋሪ ሠሪ ኦገስት ፍሩሀፍ፣ ፍሬድሪክ ሲብሊ ለተባለ የእንጨት ነጋዴ ጀልባ የሚጭን ተሳቢ ሠራ፤ የሚጎትተውም ፎርድ ሞዴል ቲ ነበር። ሥራው ስለሰመረ ነጋዴው እንጨት ለመጫንም ተመሳሳይ ተሳቢ አዘዘ፤ በ1918 ፍሩሀፍ የተሳቢ ኩባንያ አቋቋመ። ኤሌክትሪክ በዚያን ጊዜ በመኪና ላይ ገና አዲስ ነገር ነበር። ካዲላክ በባትሪና በዲናሞ የሚነሳና የሚበራ መኪና ለገበያ ያቀረበው በ1912 ነው፤ ከዚያ በፊት የመንገዱ ብርሃን ላምባና አሴቲሊን ጋዝ ነበር። ፋኖስ ከየትኛውም ጋሪ ኋላ ሊንጠለጠል ይችላል፤ የኤሌክትሪክ መብራት ግን ተሳቢውን ከመኪናው ጋር በሽቦ ማሰር ግድ አደረገ።

የመኪና ፋብሪካዎች መዳብ ለመቆጠብ ሲሉ ለእያንዳንዱ መብራት አንድ ሽቦ ብቻ መዘርጋት ለመዱ። ኤሌክትሪኩ በሽቦው ይሄዳል፣ መመለሻው ደግሞ ብረቱ፣ ማለትም ሻንሲው ራሱ ነው። በአንድ መኪና ላይ ይህ ብልህ ዘዴ ነው። ተሳቢው ግን ሌላ ሻንሲ ነው። ሁለቱን ሻንሲዎች የሚያገናኛቸው መጎተቻው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ግራሶ የተቀባ፣ የዛገ፣ መንገዱ ባንገጫገጨ ቁጥር የሚላወስ ብረት ነው። መመለሻውን ለዚህ ብረት የተወ ተሳቢ መብራቱ አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። መፍትሔው በገመዱ ውስጥ ለመመለሻ ብቻ የሚሆን አንድ ሽቦ መጨመር ሆነ። ይህ ሽቦ በአሜሪካም በአውሮፓም የተሳቢ መብራት ደረጃዎች ነጭ ቀለም ተሰጠው። የሁሉም መብራት ኤሌክትሪክ የሚመለሰው በእሱ በኩል ስለሆነ፣ በአሜሪካው የከባድ መኪና ገመድ ውስጥ ከሰባቱ ሽቦዎች ወፍራሙ እሱ ነው።

ነጩ ሽቦ ሲላላ ወይም ሲበላ የሚታየው ምልክት ልምድ የሌለውን ሠራተኛ ያሳስታል። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የፍሬን መብራቱ አይደምቅም፤ ይልቁንም የተሳቢው የጎን መብራቶች ፈዘዝ ብለው ይበራሉ። ፍሬቻ ሲሰጥ ደግሞ ሌሎቹም መብራቶች አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ምክንያቱ አምፖሉ ውስጥ ነው። በተለምዶ የሚገባው አምፖል ሁለት ክር አለው፤ የ21 ዋቱ ለፍሬን፣ የ5 ዋቱ ለኋላ መብራት ነው፤ ሁለቱም የሚመለሱት በአንድ ነጥብ ነው። ያ ነጥብ ሲዘጋ ወደ 21 ዋቱ ክር የገባው ኤሌክትሪክ መውጫ ፍለጋ በ5 ዋቱ ክር በኩል ወደ ኋላ ይፈስና የሌሎቹን መብራቶች መስመር ይይዛል። በዚህ ጊዜ አምፖል መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ከአምፖሉ በፊት መፈተሽ ያለበት መመለሻው ነው።

ሽቦዎቹ ሲበዙ ደረጃ ማውጣት አስፈለገ። በአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ለከባድ መኪና ጄ560 የተባለውን ባለ ሰባት ፒን ስፒናና ሶኬት አወጣ። በአውሮፓ መንገድ የከባድ ተሳቢ ስፒና አይኤስኦ 1185 ሆነ። የሁለቱ ቀለም ተቀራራቢ ነው፤ ነጭ መመለሻ፣ ቢጫ የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻ፣ ቀይ የፍሬን መብራት፣ ጥቁርና ቡናማ የጎንና የኋላ መብራቶች፣ ሰማያዊ ደግሞ ለተጨማሪ ሥራ። ልዩነታቸው ቮልቱ ላይ ነው። አሜሪካ በ12 ቮልት ስትቀጥል የአውሮፓ ከባድ መኪናዎች 24 ቮልት ያዙ። ለረጅም ተሳቢ ሁለተኛው ይሻላል፤ አንድ የ21 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ሲወስድ በ24 ቮልት 0.875 ብቻ ይወስዳል፤ በሽቦው ርዝመት የሚጠፋው ቮልትም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱን ማደባለቅ ግን መዘዝ አለው። የ12 ቮልት አምፖል 24 ቮልት ሲያገኝ ወዲያው ይቃጠላል፤ የ24 ቮልቱ በ12 ቮልት ሲሠራ ፈዝዞ ይቀራል።

የአውሮፓ ትንንሽ መኪናዎችም ለተሳቢያቸው በአይኤስኦ 1724 የተደነገገ ባለ ሰባት ፒን ስፒና አላቸው፤ የፒኖቹ ቁጥር ግን ከከባዱ ይለያል። በከባዱ 1ኛው ፒን መመለሻ ሲሆን በትንሹ 1ኛው የግራ ፍሬቻ፣ መመለሻው 3ኛው ነው። ስለዚህ ቁጥሩን በቃሉ ከያዘ ሠራተኛ ይልቅ የሽቦውን ቀለም የሚከተል ከስህተት ያመልጣል። የአሜሪካ ትንንሽ ተሳቢዎች ሌላ ፈተና አላቸው፤ ፍሬቻና የፍሬን መብራት በአንድ ሽቦ ይሄዳሉ። ሁለቱን ለየብቻ ከሚያበራ መኪና ጋር ሲገናኙ መካከል ላይ መቀየሪያ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ብልሽት ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ሣጥን ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የከባድ መኪና ሥራ የጣሊያን አሻራ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ጣሊያኖች የዘረጓቸው መንገዶችና ያስገቧቸው የጭነት መኪናዎች የጋራዡን ቋንቋ ጭምር ትተው ሄዱ፤ ስፒና፣ ፍሬቻ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ ዛሬም የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የተመረተው ፊያት 682፣ በተለይም ሾፌሮች ኤንትሬ የሚሉት፣ ከነተሳቢው የአገሪቱን ጭነት ለብዙ ዓመታት ተሸክሟል። የወደብ ጭነት እስከ 1990 ዓ.ም. በአብዛኛው በአሰብ በኩል ይገባ ነበር፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሁለቱም መንገዶች የአፋርን ቆላ ያቋርጣሉ።

የጅቡቲው መስመር ለሽቦ ጠላት ነው። ወደብ ላይ ጨው ያዘለ እርጥበት ስፒናው ውስጥ ይገባል፤ ከጋላፊ እስከ ሚሌና አዋሽ ያለው ሙቀት ልባሱን ያደርቃል፤ አቧራና ንዝረት ቀሪውን ይጨርሳሉ። የተቆረጠ ሽቦ ተጠማዝዞ በናስትሮ ሲታሸግ ለጊዜው ይሠራል፤ ነገር ግን ናስትሮው እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲፈታ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ፒኖቹን በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት፣ የመመለሻ ብሎኑ የሚያርፍበትን የሻንሲ ቦታ ቀለሙን ፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ማሰር የዚህ መንገድ ጥገና ሀሁ ነው።

የብልሽት መፈለጊያው ዘዴም ታሪክ አለው። የቀደሙት ሠራተኞች መሣሪያ ሁለት ሽቦ የተበየደበት አምፖል ነበር። ዲጂታል ቴስተር ሲመጣ ብዙዎች አምፖሉን ጣሉት፤ ይህ ግን ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም። ከሃያ ቀጫጭን ክሮች አንዷ ብቻ፣ እሷም በዝገት ተበልታ በቀረችበት ሽቦ ላይ ቴስተር ሙሉ 24 ቮልት ያሳያል፤ ቴስተሩ ራሱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከምንም የማይቆጠር ነውና። የ21 ዋት አምፖል ግን እዚያው ላይ ሲሰካ ይፈዛል፣ ሽቦው መታመሙን ያጋልጣል። ቴስተር የሚጠቅመው መብራቱ እየበራ መመለሻው ላይ የሚጠፋውን ቮልት ለመለካት ነው። አንዱን ጫፍ የአምፖሉ መመለሻ ላይ፣ ሌላውን የመኪናው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ አድርጎ ከአንድ ቮልት በላይ ያነበበ ሰው ብልሽቱ ያለበትን መንገድ አገኘ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉም ከዚሁ ይወጣል። በቅድሚያ የመኪናው ሶኬት ብቻውን ይፈተሻል፤ እዚያ ደህና ከሆነ ገመዱ፣ ቀጥሎ መመለሻው፣ በመጨረሻ እያንዳንዱ መብራት ይታያል።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገመዱ ከመብራት በላይ ኃላፊነት ተጣለበት። አሜሪካ ከማርች 1998 ጀምሮ የሚሠሩ የአየር ፍሬን ተሳቢዎች ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ እንዲኖራቸው አስገደደች፤ ሰማያዊው ሽቦ የኤቢኤሱ ቋሚ ኃይል፣ የፍሬን መብራቱ ቀይ ሽቦ ደግሞ መጠባበቂያው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ደካማ መመለሻ ቢጫውን የኤቢኤስ ማስጠንቀቂያ መብራትም ያበራል። የኤልኢዲ መብራት መምጣት በሌላ በኩል ነገሩን አደባበሰው። የሚወስደው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ በዛገ መስመርም ይበራል፤ ብልሽቱ እስኪብስ አይታይም። ለአምፖል የተሠራ የፍሬቻ ሪሌም ኤልኢዲውን የተቃጠለ አምፖል አድርጎ ይቆጥርና የብልጭታውን ፍጥነት ይለውጣል።

አውሮፓ ለኤቢኤስና ለኤሌክትሮኒክ ፍሬን ሌላ ስፒና ለየች፤ አይኤስኦ 7638 ይባላል። በዚህ ስፒና መመለሻው ለሁለት ተከፍሏል፤ ቢጫው ለኮምፒውተሩ፣ ቡናማው ለፍሬን ቫልቮቹ ነው። በመብራት ገመድ ላይ መመለሻ የነበረው ነጭ ቀለም እዚህ የማስጠንቀቂያ መብራት መስመር ስለሆነ፣ የመብራቱን ቀለም ለምዶ ነጩን ሽቦ ከሻንሲ ጋር የሚያስር ሠራተኛ መመለሻ ሳይሆን የማስጠንቀቂያ መስመሩን ነው የሚያስረው።