በቀይ ባሕር ላይ ነፃ የወጣችው እናታችን አስቴር ጋኖ

ስለ አንዲት የእምነት እናት እንድናገር ተጠይቄ አስቴር ጋኖን መረጥኩ። እኔ እስከ አሥረኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ የታሪክ አዋቂ አይደለሁም። ነገር ግን የእሷ ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

አስቴር የተወለደችው በ1872 አካባቢ በኦሮሞ አገር ነው። ነፃ ሆና ብትወለድም፣ ገና ልጅ ሳለች የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። በ1886 በጀልባ ተጭና ወደ ዓረብ አገር ለሽያጭ ስትወሰድ፣ ከዓመት በፊት ምጽዋን የያዙት ጣልያኖች በመርከብ ደርሰው ጀልባዋን ያዙ። አስቴር ነፃ ወጣች።

እህቶች፣ ልብ በሉ። ትወሰድ የነበረው እኛ ወዳለንበት ወደዚህ ወገን ነው። እኛ ፓስፖርትና ኮንትራት ይዘን ለደመወዝ ነው የመጣነው። የእኛን ሥራ ባርነት ብለን የእሷን መከራ አናቅልል። ሆኖም ሰው ሆኖ እንደ ዕቃ መታየትን ብዙዎቻችን ቀምሰነዋል። እኔ በመጀመሪያ የሠራሁበት ቤት ስሜ ይከብዳል ተብሎ ሌላ ስም ወጥቶልኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ተጠርቻለሁ። የእሷ ጀልባ ተያዘ፤ ሳይያዙ ያለፉትም ብዙ ነበሩ። በእነዚያ የሄዱት ሴቶች ስማቸውን የጻፈላቸው የለም። አስቴርን ስናስብ እነሱንም እናስብ።

አስቴርን የተቀበላት ከምጽዋ ወጣ ብሎ እምኩሉ ላይ የነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ሚሲዮኑ ሉተራን ነበር። እዚያ ማንበብና መጻፍ ተማረች። በዚያው ዘመን ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉም ነበር። እሱም በልጅነቱ ተሽጦ በኋላ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ግን ከአገሩ የወጣው በጣም ሕፃን ሳለ ስለነበር የቋንቋው ቃል ያጥረው ነበር። አስቴር ግን ቋንቋውን ጠግባ ነው የመጣችው። ስጦታዋን አይቶ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ አደራ ሰጣት። በ1893 የታተመውን አዲስ ኪዳን ያቃኑት በዚያ መዝገበ ቃላት ነው።

በዚህ አላበቃችም። ወደ 500 የሚሆኑ የኦሮሞ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ጻፈች። ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ገቡ። ከኦኔሲሞስ ጋር የመዝሙር መጽሐፍም አዘጋጀች። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1897 ተተርጉሞ አለቀ፤ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ታተመ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በተርጓሚነት የተጻፈው ግን የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ከዚያች ልጅ ነፃነቷን ወሰዱባት፤ ከእናት ከአባቷ ለዩአት። ከቤቷ ይዛው የወጣችው በጆሮዋ የገባውን ብቻ ነው፦ ማታ ማታ የሰማችውን ተረት፣ ሴቶች ሲሠሩ የሚያዜሙትን። ለሕዝቧ የተረፈውም ያው ነው። ማንም ሻንጣዋን ፈትሾ ሊያገኘው አይችልም ነበር።

በ1904 ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ተመለሰች። ነቀምት ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እሷም አስተማሪ ሆነች። ሊሸጧት የነበረችው ልጅ የሌላውን ልጅ ፊደል አስቆጠረች። ኦኔሲሞስ በ1931 ሲያርፍ እሷ ብዙ ዕድሜ ቀርቷት ነበር። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1959 ስትቋቋም በሕይወት ነበረች። ያረፈችው በ1964 ነው፤ ዕድሜዋ ወደ ዘጠና ደርሶ።

አንዳንዶቻችን «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የቤት ሠራተኛ ነኝ» እንላለን። አስቴር መዝገበ ቃላቱን ስታዘጋጅ ገና ወጣት ነበረች፤ የጻፈችውም ከቤቷ የሰማችውን ነው። የምንሠራው ሥራ ላይ ስማችን አይጻፍም። ያሳደግናቸው ልጆች ነገ ስማችንን ይርሱት ይሆናል። የእሷም ስም ገጹ ላይ አልተጻፈም፤ ሥራዋ ግን ሲነበብ ኖረ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለሚቀጥለው ጊዜ እያንዳንዳችሁ ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ የሰማችሁትን አንድ ተረት ወይም አንድ እንቆቅልሽ በደብተር ጽፋችሁ ኑ። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሲዳምኛም፣ በየቋንቋችሁ ይሁን። መጻፍ የምትቸገር ትንገረንና እኛ እንጻፍላት። አገር ቤት ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ስትደውሉ ስለ ገንዘቡ ብቻ አታውሩ፤ ተረቱንም አውሩላቸው።

እግዚአብሔር በሰላም ለአገራችን ያብቃን።