እርምጃና ጭነት

በልደታ ሠፈር የሚኖር መሐንዲስ የቀድሞውን አውሮፕላን ማረፊያ ባየ ቁጥር ስለ ጭነት ማሰቡ አይቀርም። አበበ ቢቂላ በሮም በሮጠበት ዓመት ይህ ሜዳ ገና የአዲስ አበባ የአየር በር ነበር። ለጄት አውሮፕላኖች የማይበቃ በመሆኑ ግን ቦሌ ተሠራ። ሜዳ ለጭነቱ ካልበቃ ሌላ ሜዳ እንሠራለን፤ ጉልበት ለጭነቱ ሳይበቃ ሲቀር ግን የሚታረመው አረማመዱ ነው።

የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ብዙዎቻችን ድሉን የባዶ እግር ተአምር አድርገን እንተርከዋለን። እውነቱ ግን በሮም የገዛው አዲስ ጫማ አልስማማ ብሎ እግሩን ስላቆሰለው ማውለቁ ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። በደቂቃ 180 እርምጃ ብንገምት በዚያ ምሽት እግሮቹ ከ24,000 ጊዜ በላይ መሬት ረግጠዋል። በሩጫ ጊዜ እያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚያህል ኃይል ያሳርፋል። ቁስልን ለመሸሽ የተጣመመ እርምጃ ይህን ጭነት በየጊዜው ወደማይገባው መገጣጠሚያ ያዞረዋል።

ምስጢሩ ባዶ እግር አለመሆኑ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ታየ፤ አበበ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ።

በ2002 ዓ.ም. የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት፣ በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በፊተኛው የእግር ክፍል እንደሚያርፉና ተረከዝ መሬት ሲመታ የሚፈጠረው ድንገተኛ ግጭት እንደማይታይባቸው አሳየ። ይሁን እንጂ ጫማቸውን በአንድ ጊዜ የጣሉ ሯጮች የእግር አጥንት ጉዳት ደርሶባቸዋል። የሚበጀው እርማት ቀስ በቀስ የሚደረገው ነው። እርምጃን አሳጥሮ ቁጥሩን ከ5 እስከ 10 በመቶ ከፍ ማድረግ በሩጫ ጊዜ በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጭነት ይቀንሳል።

እኔም በግንባታ ሥራ ላይ ለዓመታት ቆሜ ጉልበቴን ሲያመኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ሌላ ጫማ መግዛትን ነበር። ሕመሜን ያስታገሰልኝ ግን እግሬን ከፊቴ አርቄ መጣሌን ትቼ በአጭር እርምጃ መራመድን መልመዴ ነው። ለማይለቅ ሕመም በእርግጥ ሐኪም ያስፈልጋል።

ባልደረቦቼ፣ ምሰሶ ሲሰነጠቅ ልስኑን አድሰን አናልፍም፤ ጭነቱ ከየት መጣ ብለን እንጠይቃለን። ይህን ጥያቄ ለገዛ ጉልበታችን አንንፈገው።